ማታ 12 ሰዓት ላይ የሚከፈል የሲጋራ ብር

ሲጋራ ማቆም የሚፈልግ ሰው ምክር አያጣም። እኔም አላጣሁም። እናቴ ለምናኛለች፣ የንስሐ አባቴ ገሥጸውኛል፣ ሬዲዮውም በየጊዜው ይናገራል። ሲጋራ እንደሚጎዳ የማያውቅ አጫሽ እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ያጣሁት ሐራራው በሚነሣበት ሰዓት አጠገቤ የሚቀመጥ ሰውና ያላጨስኩት ሲጋራ ብር የት እንደገባ በዓይኔ የማይበት ቦታ ነበር። ሁለቱንም ያገኘሁት እዚሁ ጎንደር፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ካለች አንዲት የጀበና ቡና መሸጫ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ምናልባት እኛ የተደናቀፍንበትን ድንጋይ ዘላችሁ ታልፉት ይሆናል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ናት። ማጨስ እንዴት እንደጀመርኩ አላስረዝምም፤ እንደ ብዙዎቻችሁ በጉርምስና፣ በጓደኛ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ሲጋራ የሥራዬ አካል ሆነ። አንድ ቀሚስ ቆርጬ አንድ፣ እጅጌ ገጥሜ አንድ፣ ደንበኛ ተጨቃጭቆኝ ሲወጣ ደግሞ አንድ። ፍሙ የሰው ሱሪ ላይ አርፎ ጨርቁን ከኪሴ የተካሁበት ጊዜም አለ። እሱም አላስቆመኝም። የቆረጠኝ ሌላ ነው። ለሰርጓ ቀሚስ ያሰፋች አንዲት እህት ልትወስድ መጥታ ጥልፉን አገላብጣ አየች፣ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ከዚያ ምንም ሳትል ሒሳቧን ከፍላ ሄደች። የሚዜዎቿን ልብስ ሁሉ ለሌላ ሰፊ እንደሰጠችው የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በፊትም ደጋግሜ አቁሜ አውቃለሁ፤ ግን ሁልጊዜ በምስጢር ነበር። ካልተሳካልኝ እንዳላፍር ብዬ ለማንም አልነግርም። ሳቆም ማንም ስላልሰማ፣ ስጀምርም ማንም አይሰማ፤ ሐፍረቱን ሳመልጥ ሲጋራውን ግን አላመለጥኩም። ስለዚህ ልታቆሙ ካሰባችሁ ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩ። ቢቻል ደግሞ ያ ሰው አጫሽ ይሁን። አጭሶ የማያውቅ ሰው ደግ ቢሆንም “ቆራጥ ሁን” ከማለት ውጭ የሚያቀብላችሁ ነገር የለውም።

የእኛ ነገር የተጀመረው በዱቤ ደብተር ነው። ቡና የምትሸጥልን እህት ከስኒዎቹ ጎን በትንሽ ሳህን ሲጋራ በፍሬ ትሸጣለች። በሕግ ሲጋራ በፍሬ መሸጥ ክልክል ነው፤ ግን መንገድ ላይ ማን ጠይቆ። አራት ነበርን፦ እኔ፣ ከፒያሳ ማራኪ የሚሠራ የባጃጅ ሾፌር፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ እና ከወታደር ቤት ጀምሮ ሲጋራ ከአፋቸው ያልተለየ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፤ እሳቸውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ማታ መምህሩ ደብተሩን ተቀብሎ ቡናውን ለብቻ፣ ሲጋራውን ለብቻ ደመረው። የአራታችን የቡና ሒሳብ የሲጋራችንን ሢሶ እንኳ አልሞላም።

እናንተም አስሉት። ዋጋው በየጊዜው ስለሚጨምር የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ እንጂ፣ ለምሳሌ አንዱ ፍሬ 10 ብር ቢሆንና በቀን 10 ፍሬ ብታጨሱ በቀን 100፣ በወር 3,000፣ በዓመት 36,500 ብር ነው። በፍሬ የሚገዛ ሰው ደግሞ በፓኮ ከሚገዛው የበለጠ ይከፍላል፤ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚያወጣው ግን አይሰማውም። ጋሼ ድምሩ ሲነበብላቸው ዝም ብለው ቆዩና “ይኼን ለእድር ብከፍለው ኖሮ ሦስት ጊዜ እቀበርበት ነበር” አሉ። ተሳሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ማንም ክብሪት አልጫረም።

ወቅቱም ረዳን። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገብቶ ረመዳን ከአምስት ቀን በኋላ ተከተለ። ባጃጅ ነጂው ሙስሊም ነው። “እኔ በረመዳን ቀኑን ሙሉ አላጨስም፤ ሞቼ አላውቅም። የሚገድለኝ ከአፍጥር በኋላ ያለው ነው” አለን። ይህ ንግግር ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። “ያለ ሲጋራ መኖር አልችልም” የምንለው ውሸት መሆኑን በየዓመቱ አንድ ወር ሙሉ በገዛ ገላው ሲያየው ኖሯል። ችግሩ ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ የተወሰኑ ሰዓቶች ናቸው። እኛ ሦስታችን ደግሞ በጾሙ ምክንያት ከመጠጥ ቤት የምንርቅበት ጊዜ ነበርና አንዱ መውደቂያ በራሱ ተዘጋልን። ማቆሚያ ቀን የምትፈልጉ ከሆነ እንዲህ ያለ ጊዜ ምረጡ። በጥምቀት ማግስት ወይም በሰርግ ወር አትጀምሩ።

ለእቁብ የቀረበ ነገር ነው ያቋቋምነው፤ ግን እጣ የለውም፣ የእያንዳንዱ ብር የራሱ ነው። ሰፈር ያለ አናጢ መቆለፊያ ያለው ሳጥን ሠራልን። ሳጥኑ ቡና ከምታፈላው እህት ዘንድ፣ ቁልፉ ከጋሼ ዘንድ ሆነ፤ መዝገቡን መምህሩ ያዘ። ሁልጊዜ ማታ 12 ሰዓት እንገናኛለን። እያንዳንዳችን ያን ቀን ልናጨሰው የነበረውን ሲጋራ ዋጋ በጥሬ ብር እናስገባለን። ሰዓቱን 12 ያደረግነው ለባጃጅ ነጂው ብለን ነው። ከአፍጥር ትንሽ ቀደም ይልና አብሮን ይቆያል፣ አዛን ሲል በቴምርና በውኃ ይፈታል፤ ያቺ የምትገድለው የመጀመሪያ ሲጋራ ሰዓቷ በእኛ መሐል ሆኖ ያልፋል።

ቡና የምታፈላውን እህት የሲጋራ ሽያጭ ስለምናስቀርባት ትከፋለች ብለን ፈርተን ነበር። ስንነግራት ግን ሳህኑን አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችና “የእናንተ ጭስ ለእኔም ሳል ነው የተረፈኝ። ከዛሬ ጀምሮ ለአራታችሁ አልሸጥም፤ ብትለምኑኝም ብትቆጡኝም አልሸጥም” አለች። ቃሏን ጠብቃለች። በሦስተኛው ቀን ለሌላ ሰው አስመስዬ ልገዛ ስሞክር “ወንድምዓለም፣ ሂድና ስፌትህን ስፋ” ብላ መለሰችኝ። የምትገዙበትን ሱቅ ባለቤት ከጎናችሁ ማሰለፍ ከቻላችሁ ከግማሽ መንገድ በላይ ሄዳችኋል።

ብሩ የግድ በየቀኑና በእጅ ይቆጠር። መምህሩ መጀመሪያ ላይ “በወር መጨረሻ ከደመወዜ እቆርጣለሁ” ብሎ ነበር፤ አልተቀበልነውም። ሲጋራ የሚያወጣን በቀን በቀን ስለሆነ ቁጠባውም በዚያው መጠንና በዚያው ሰዓት ካልሆነ፣ የተረፈው ብር ሳይታወቅ ለሌላ ነገር ይሄዳል። ሌላው፣ እያንዳንዱ ሰው ብሩ ምን እንደሚገዛለት ከመጀመሪያው ቀን ይናገር። እኔ ኦቨርሎክ ማሽን አልኩ፤ ጠርዝ ለማስጠቅለል ጨርቅ ተሸክሜ ሌላ ሱቅ መመላለስ ሰልችቶኝ ነበር። ባጃጅ ነጂው ጎማ፣ ጋሼ ለቤታቸው ቆርቆሮ፣ መምህሩ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። “ለክፉ ቀን” ብሎ ማስቀመጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሐራራ የያዘው ሰው ያቺኑ ሰዓት ነው ክፉ ቀን የሚላት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከሁሉም የከፉ ናቸው። ያበሳጫል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም። የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጥሜ መፍታት ሆኖብኛል። በዚያ ላይ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሲጋራው ነው ብዬ ተቀበልኩት። አንዲት በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ደንበኛዬ ናት፤ ልብስ ልትለካ መጥታ እጄን አየችና “ቡና ስንት ትጠጣለህ?” አለችኝ። የትንባሆ ጭስ ሰውነት የቡናውን ካፌይን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል፤ ሲጋራው ሲቆም ያው የለመድነው ቡና በደም ውስጥ በእጥፍ ያህል ይጠነክራል አለችኝ። ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር! ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊነገረን የሚገባው ይህ ነው። ቡናውን አልተውነውም፤ አቦሉን ጠጥተን ቶናና በረካውን ለሌሎች ተውን። መንቀጥቀጡ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀለለ፣ እንቅልፌም ተመለሰ። “ሲጋራ ሳቆም ነርቭ ያዘኝ” ብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ የያዛችሁ ቡናው ሊሆን ይችላልና እስኪ አንድ ስኒ ላይ ቁሙ።

አፍና እጅም ሥራ ይፈልጋሉ። ለእኔ መፋቂያ ነው ያዳነኝ። ጠዋት አንድ የወይራ መፋቂያ እገዛለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ከከንፈሬ አይወርድም። ጋሼ ገብስ ቆሎ በኪሳቸው ይዘው ያድራሉ። ከረሜላ የመረጠው መምህር ሆዱ ትንሽ ገፋ አለ፤ እሱን እያሾፍንበትም ቢሆን ሳንባው ከሆዱ ይበልጣል ብለን ተውነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተታችን ልምጣ። ስንጀምር ያወጣነው ደንብ “ያጨሰ ሰው እስከዚያ ቀን ያስቀመጠውን ሁሉ ያጣል፣ ብሩን ሌሎቹ ይካፈሉታል” የሚል ነበር። ሲነገር ያስፈራል፤ ጥሩ መስሎን ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መምህሩ በአውቶ ፓርኮ በኩል ሲያልፍ ባጃጅ ነጂው ማታ ከባጃጁ ጀርባ ቆሞ ሲያጨስ አየው። ነጂው በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ መጥቶ፣ “አልነካሁም” ብሎ ብሩን አስገባ። መምህሩ አላስቻለውም፣ ፊት ለፊት ተናገረው። ጠብ ሆነ። “ሰላይ!” “ውሸታም!” ተባባሉ፤ ነጂው ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። የባሰውን ደግሞ በኋላ ነው ያሰብኩት፤ የእሱ ድርሻ ለሦስት ሲካፈል ስንት እንደሚደርሰኝ በልቤ እያሰላሁ ነበር። ደንቡ የጓደኛችንን መውደቅ ትርፍ አድርጎልን ነበር። እንዲህ ያለ ማኅበር ሰው አያድንም።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ሄደው አመጡት። ምን እንዳሉት አላውቅም። ሁላችንን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦ “ልጆች፣ የሰው ብር የሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያጨሰ ሰው የዕለት ብሩን እንደ ማንም ያስገባል፤ ቅጣቱ ለሁላችን ቡና መጋበዝ ነው። ግን አንድ ነገር ይናገራል፤ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር ሆኖ እንዳጨሰ። ምክንያቱን አልጠየቅንህም። ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ።”

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። የቡና ቅጣት ማንንም አያስዋሽም። ሰዓትና ቦታ መናገር ደግሞ ንስሐ አይደለም፣ ሪፖርት ነው፤ አያሳፍርም። መምህሩ ሁሉንም በደብተሩ ጻፈው፤ ጥቂት ቆይቶ የእያንዳንዳችን አደገኛ ሰዓት በግልጽ ታየ። መምህሩ የፈተና ወረቀት ሲያርም ነው። ባጃጅ ነጂው ተራ ሲጠብቅና ጫት ላይ ሲቀመጥ ነው። ጋሼ ሌሊት ከ8 እስከ 9 ሰዓት ባለው፣ ብርዱ በሚበረታበት ጊዜ ነው። የእኔ ደግሞ ፈጽሞ ያልጠረጠርኩት ሆነ፦ መብራት ሲጠፋ! ማሽኑ ይቆማል፣ እጄ ባዶ ይሆናል፣ ደንበኛው በቀጠሮው ይመጣል፣ እኔም ደጃፍ እወጣለሁ። መድኃኒቱ ከሱቄ ጥግ አቧራ ለብሳ ተቀምጣ ነበር፤ የድሮዋ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር። አስጠገንኳትና መብራት ሲጠፋ ወደሷ እዞራለሁ። እግርም እጅም ሲሠራ ሐራራው መቀመጫ ያጣል።

መምህሩ እርማቱን ከቤቱ ጓሮ አውጥቶ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሰው ባለበት አደረገው። ለጋሼ ሌሊት ሚስኮልን ፈጠርንላቸው። ሐራራው የጸና እንደሆነ አንዴ ያቃጭላሉ፣ የተደወለለት መልሶ ይደውላል፤ ስለ ሲጋራ ማውራት ክልክል ነው፣ ስለ ሌላ ስለ ማንኛውም ነገር ይወራል። አንድ የሐራራ ማዕበል ካላስታመሙት ጥቂት ደቂቃ እንጂ አይቆይም። በማይክሮፎን የሚቀድሱትን ቄስ አምተን፣ የጤፍ ዋጋ ረግመን ሳንጨርስ ያልፋል። መጀመሪያ ለእኔ ነበር የሚያቃጭሉት፤ ሚስቴ ስትማረር ተራውን ለባጃጅ ነጂው አዛወርነው፤ እሱ በጫቱ የተነሣ በዚያ ሰዓት ዓይኑ አይከደንም ነበር። ጫቱን ባንወድለትም ለዚህ ጠቀመን።

ከሳምንታት በኋላ ጋሼን ሌላ ነገር አስደነገጣቸው፤ ሳላቸው ባሰ። “ሳጨስ ደህና ነበርኩ፣ ብተወው ታመምኩ” ብለው ሊመለሱ ደረሱ። ነርሷን ጠየቅኩላቸው። በአየር ቧንቧ ውስጥ ቆሻሻን ወደ ላይ የሚጠርጉ ጥቃቅን ጭገሮች አሉ፤ ጭሱ ሽባ አድርጓቸው ይኖርና ሲጋራው ሲቆም ነፍስ ዘርተው መጥረግ ስለሚጀምሩ ለጊዜው ሳልና አክታ ሊበዛ ይችላል አለች። ነገር ግን አስከትላ ያለችውን እናንተም ልብ በሉ፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው፣ ያጭስም አያጭስም፣ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። አጫሽ ሳሉን ሁሉ “የሲጋራ ነው” እያለ ያሳድረዋል፤ ትንባሆ ደግሞ ለቲቢ የበለጠ ያጋልጣል። ጋሼ አክታቸውን ሰጥተው ተመረመሩ፣ ነጻ ናቸው ተባሉ። ያን ዕለት ከሳጥኑ ፊት እንደ ልጅ እየሣቁ ነው የመጡት። አክታው ደም ከተቀላቀለበት፣ ደረት ከወጋ ወይም ክብደት ከቀነሰ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ስለ በዓል ቀድመን አልተነጋገርንም ነበር። ጾሙ ሲፈታ ቢራው ተከፈተ፣ መምህሩ ከአማቾቹ ቤት ከሚያጨሱ ሰዎች ጎን ተቀመጠ፤ “አንድ ብቻ” አለ። በማግስቱ ማታ መጥቶ ከመቀመጡ በፊት፣ “ትናንት ከቀኑ 10 ሰዓት፣ አማቼ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከሚስቴ ወንድም ጋር” አለ። ቡናውን ጋበዘ፣ ብሩን አስገባ፣ ፓኮ ግን አልገዛም። የድሮው ደንብ ቢኖር ኖሮ ይደብቀን ነበር፤ ከደበቀን ደግሞ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ይከተሉ ነበር። አንድ ሲጋራ ማጨስና ወደ ሲጋራ መመለስ ለየቅል ናቸው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው “እንግዲህ አንዴ ተበላሽቷል” የሚለው ሐሳብ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲቃረብ የት እንደምንውል፣ ከማን ጎን እንደምንቀመጥ፣ መቼ ተነሥተን እንደምንሄድ በዋዜማው እንነጋገራለን። አልኮል ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ባይነካ ይመረጣል። እኔ ጠላም አልቀመስኩም፤ አክስቴ እስካሁን ተቀይማኛለች።

ሌላው ፈተና ይሉኝታ ነው። እኔ ባቆምም ደንበኞቼና ጓደኞቼ ሱቄ ገብተው ይለኩሳሉ። “ውጣልኝ” ማለት ከበደኝ፤ ትላንት አብሬያቸው ሳጨስ የነበርኩ ሰው እንዴት ብዬ? መፍትሔው ከሕጉ መጣ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። “ማጨስ ክልክል ነው” የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፍኩና፣ “ሕግ ነው ወንድሜ፣ እኔም እቀጣለሁ” ማለት ጀመርኩ። ማንም አልተቀየመም። መተርኮሻውን ደግሞ የአዝራር ማስቀመጫ አደረግሁት።

ስለ ብሩ ጥቂት ልጨምር። ሳጥኑ ሲሞላ ፈተና ሆነ። አንዱ “ለሦስት ቀን አበድሩኝ” አለ፤ ሰጠነው፤ ሦስቱ ቀን ብዙ ሳምንት ሆነ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳጥኑን ከፍተን፣ እያንዳንዱ የራሱን ቆጥሮ በራሱ የባንክ ደብተር እንዲያስገባና ደረሰኙን ለመምህሩ እንዲያሳይ ወሰንን። ለምን በቴሌብር አናደርገውም ያለም ነበር። በስልክ የተላከ ብር በስልክ ይወጣል፤ ደግሞም እጅ አይነካውም፣ ዓይን አያየውም። ለእኛ ጥቅሙ ማታ ማታ ያቺን ኖት ከኪስ አውጥቶ በቀዳዳው መክተቱ ላይ ነው። የሲጋራ ዋጋ ሲጨምር መዋጮውንም አብረን እንጨምራለን፤ አለዚያ ቁጠባው ከሱሱ ያነሰ ይሆናል። ሥራ በቀዘቀዘበት፣ ከተማው በጊዜ በሚገባበት ሰሞን መዋጮው የከበደበት ሰው ነበር። “የሌለውን አያምጣ፣ እሱ ራሱ ግን ይምጣ” አልን። ብሩ ቀርቶ ሰውየው ከመጣ ነገው አለ፤ ሰውየው ከቀረ ብሩም አይመለስም።

ኦቨርሎኩን ገዝቻለሁ። ሙሉውን ከሲጋራው ብር ነው ብል እዋሻለሁ፤ ጥቂት ጨምሬበታለሁ። የጋሼ ቤት ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮው ተለውጦለታል። መምህሩ ለልጆቹ ክፍያ ሲበደር የነበረውን ዘንድሮ አልተበደረም። ባጃጅ ነጂው ጎማውን ገዛ፣ ሲጋራውን ግን ገና አልጨረሰም፤ ጫት ላይ ሲቀመጥ አሁንም ያጨሳል። ከበፊቱ በጣም ያነሰ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ መጥቶ ሰዓቱንና ቦታውን ይናገራል። ሲጋራና ጫት አብረው ያሉበት ሰው ሁለቱን ለያይቶ መተው እንደሚከብደው ከእሱ ተምረናል። በቅርቡ ጫቱንም ሊቀንስ ቀን ቆርጧል፤ የጫቱ ብር በሳጥኑ ይግባ አይግባ ገና እየተከራከርንበት ነው።

አሁን ሌሎችም “አስገቡን” ይሉናል። ከአምስት ስድስት ሰው በላይ አትሁኑ፤ ሲበዛ ስብሰባ ይሆንና አንዱ ቢቀር አይታወቅም። እኛም ለመጡት ሌላ ሳጥን አሠርተን ለብቻቸው እንዲጀምሩ አደረግን፤ ከእኛ አንድ ሰው ብቻ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብሯቸው ይቀመጣል።

ቤታችሁ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ላላችሁ እህቶችና እናቶች ደግሞ ሚስቴ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ድሮ ስገባ ሸሚዜን ታሸት ነበር፤ እኔም ከመግባቴ በፊት አፌን መጉመጥመጥ ለመድኩ እንጂ ማጨሴን አልተውኩም። ሳጥኑ ከተጀመረ በኋላ ማሽተቱን ትታ “ዛሬ ስንት አስገባህ?” ማለት ጀመረች። መልሱ የሚያኮራ ስለሆነ ሳልጠየቅም እነግራታለሁ። ያላስገባሁ ቀን ደግሞ ከእሷ በፊት ጋሼ ስለሚያውቁት የምደብቀው ነገር የለኝም። ኦቨርሎኩ ሲመጣ መጀመሪያ የሰፋሁበት የእሷን ቀሚስ ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ተጣሟል፣ ማሽኑን ገና አልለመድኩትም ነበር።